ባለባትሪ ድሪል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለባትሪ ድሪል ገመድ የለውም፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ድምፁም ያን ያህል አያስፈራም። ስለዚህ ሰው ይደፍረዋል። አብዛኛው ጉዳትም ከዚሁ ድፍረት የሚመጣ ይመስለኛል። ደጋግመው የሚነገሩ አባባሎችን አንድ በአንድ እንይ።

«የባትሪ ማሽን ምን ጉልበት አለው?»

ብዙ አለው። ብዙዎቹ ባለ18 ቮልት ድሪሎች ከ50 ኒውተን ሜትር በላይ የመጠምዘዝ ጉልበት አላቸው፤ ጠንካሮቹ 100ንም ያልፋሉ። አደጋው ፑንታው፣ ማለትም አፉ ላይ የሚታሰረው መብሻ ብረት፣ ሲነክስ ነው። እንጨት ውስጥ የተደበቀ ሚስማር ሲያገኝ፣ ወይም ብረቱን በስቶ ሊወጣ ሲል፣ ፑንታው ድንገት ቀጥ ይላል። ሞተሩ ግን አልቆመም። ፑንታው መዞር ሲያቅተው ድሪሉ ራሱ ይዞራል፣ የእጅ አንጓችሁንም አብሮ ይጠመዝዛል። መሰላል ላይ ሆናችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከሆነ ደግሞ ሚዛን አስቶ ሊጥላችሁ ይችላል።

ከድሪሉ ጋር የጎን እጀታ ከመጣ ግጠሙት። ብዙ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ትቶት ይረሳዋል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ለዚሁ ቀን የተሠራ ነው። በሁለት እጅ ያዙ፣ እግራችሁን አደላድላችሁ ቁሙ። ለወፍራም ፑንታ የፍጥነት መቀየሪያውን 1 ላይ፣ ማለትም ዝግተኛው ላይ፣ አድርጉ። ቀዳዳው ሊያልቅ ሲል ግፊቱን ቀንሱ።

«ትንሽ ነገር ስለሆነ በእጄ ይዤ ልብሳው»

ይህን በጭራሽ አታድርጉ። በተለይ ላሜራ። ፑንታው ሲነክሰው ላሜራው አብሮ ይሽከረከራል፤ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። እንጨትም ቢሆን ፑንታው በስቶ መዳፍ ላይ ሊወጣ ይችላል። በሞርሳ ይታሰር፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ በመቆንጠጫ ይያዝ። ከምትበሱት ነገር ጀርባ እጃችሁ መኖር የለበትም።

«ጓንት ካደረግኩ ምንም አልሆንም»

ስለታም ላሜራ ለማንሳት ጓንት ጥሩ ነው። የሚሽከረከር ፑንታ አጠገብ ግን ሰፊ ጓንት ራሱ አደጋ ነው፤ ጨርቁ ይጠቀለልና ጣትን ይዞ ይሄዳል። ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ሐብልና የተለቀቀ ፀጉርም እንዲሁ ናቸው። የማይቀረው የዓይን መከላከያ ነው። የንባብ መነጽር አይተካውም፦ ጎኑ ክፍት ነው፣ ፍንጣሪ እንዲመክት ተብሎም አልተሠራም። ጣሪያ የሚበሳ ሰውማ ያለ እሱ መጀመር የለበትም።

«ገመድ ስለሌለው ኤሌክትሪክ አይይዘኝም»

ኤሌክትሪኩ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ፑንታው የተቀበረ ሽቦ ካገኘ የድሪሉ የብረት ክፍል ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይ፣ በታችና በጎን ሽቦ ሊያልፍ እንደሚችል አስቡ። ከጠረጠራችሁ የዚያን ክፍል ብሬከር አጥፉ። ስትበሱም በጎማ የተሸፈነውን እጀታ ብቻ ያዙ።

«አልገባ ካለ ጫን ማለት ነው»

አይደለም። አልገባ ያለው ወይ ፑንታው ደንዟል፣ ወይ ለዚያ ነገር የተሠራ አይደለም። ለብሎኬትና ለኮንክሪት የራሱ ፑንታና የመዶሻ ምት ያስፈልጋል፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ማስክም ጭምር። ብረት በዝግታና በጥቂት ዘይት ይበሳል። ቀጭን ፑንታ ሲጫኑት ይሰበራል፣ ስባሪውም ወደ ፊት ይፈናጠራል። ሥራው ሲያልቅ ፑንታውን ወዲያው አትንኩ፤ ያቃጥላል።

«ፑንታ ለመቀየር ባትሪ ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው»

አንዳንዱ ፑንታው የሚታሰርበትን አፍ በእጁ ጨብጦ ሞተሩን ያስነሳል፣ ቶሎ እንዲጠብቅለት። መዳፍ የሚላጠው፣ ጣት የሚጠመዘዘው እንዲህ ነው። ባትሪ ማውጣት ጥቂት ሰከንድ ነው። ቢያንስ የፊትና የኋላ መቀየሪያውን መሃል ላይ አድርጉት፤ ያን ጊዜ ማስነሻው ቢነካም አይሠራም።

«ባትሪው የትም ቢቀመጥ ችግር የለውም»

ሚስማርና ቪቴ ያለበት ሳጥን ውስጥ አትጣሉት። ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ባትሪው ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ከሥራ ትኩስ ሆኖ ሲወጣ ሳይቀዘቅዝ ቻርጅ አይደረግ፤ ከ0 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ውስጥም እንዲሁ። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ቻርጀር ላይ አይሰካ፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣል።