ፓወር ፋክተር ምንድን ነው?

ልጅ ሆኜ በጥቅምት ቅዳሜና እሁድ ከደሴ ወደ ካሉ እወርድ ነበር። አጎቴ ማሽላ ያስጠብቀኛል። ሥራዬ ማማ ላይ መውጣትና ወፍ ሲመጣ በወንጭፍ መወርወር ነው። በመጀመሪያው ቀን ትልልቅ ድንጋይ ለቅሜ ወጣሁ። ትልቅ ድንጋይ ብዙ ወፍ የሚያባርር መስሎኝ ነው። ድንጋዩ ወንጭፉን ጎትቶ ማማው ሥር ዱብ አለ። በማግስቱ ጠጠር ይዤ ወጣሁ። ጠጠሩ ሽው ብሎ ሄደ፤ ሲያርፍ ግን አንድ የማሽላ ቅጠል እንኳ አላነቃነቀም። አጎቴ ከማሳው ዳር አንድ ድንጋይ መርጦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ታንሳለች። «አብሽር፣ ይቺን የምታህል ፈልግ። ትልቁ ይጎትትሃል፣ ትንሹ አይረባህም» አለኝ።

ስለ ሽጉጥ ውድድር ማንበብ የጀመርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እዚያ «ፓወር ፋክተር» የሚባል ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ምን እንደሆነ ሲገባኝ ያቺ ድንጋይ ትዝ አለችኝ። ነገሩ እሷው ናት፤ ክብደትና ፍጥነት አንድ ላይ የሚመዘኑበት ቁጥር ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ ታባዛለህ፣ ለ1,000 ታካፍላለህ። አረር ያልኩት ከአፈሙዝ የሚወጣውን ክፍል ብቻ ነው። ቀለሁና ባሩዱ አይቆጠሩም። ክብደቱ በግሬይን፣ ፍጥነቱ ደግሞ በጫማ በሰከንድ ይለካል፤ አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚተኩሰው የ9 ሚሊ ሜትር አረር 124 ግሬይን ነው እንበል። በሰከንድ 1,010 ጫማ ከሄደ 125,240 ይመጣል። ለ1,000 ሲካፈል 125 ነጥብ ምናምን። ፓወር ፋክተሩ 125 ሆነ ማለት ነው።

ግሬይን የሚለው ቃል ትርጉሙ የእህል ፍሬ ነው። እንግሊዞች ድሮ ለመለኪያ የወሰዱት የገብስ ፍሬ ነበር። ወርቅ ቤት ወቄት ሲመዘን ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። አንድ ግራም ወደ 15.43 ግሬይን ነው። ስለዚህ 124 ግሬይን ማለት 8 ግራም ገደማ ነው። የገብስ አገር ሰዎች ስለሆንን ይህቺን ነገር እወዳታለሁ። 8 ግራም ብረት ሲባል በዓይኔ አይመጣም። 124 የገብስ ፍሬ ሲባል ግን እፍኝ እንደማይሞላ አውቃለሁ።

ይህን ቁጥር ይዞ የሚሠራው ዋናው ስፖርት የተግባራዊ ተኩስ ውድድር ነው። ተወዳዳሪው አንድ ቦታ ቆሞ አንዲት ክብ ላይ አይተኩስም። እየሮጠ፣ በግድግዳ ጥግ እያጮለቀ፣ ካዝና እየቀየረ ብዙ ዒላማ ይመታል፤ ሰዓቱም ይቆጠራል። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይፒኤስሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ውስጥ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። መፈክራቸው ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት ማለት ነው። ትክክለኛነቱን ዒላማው ይናገራል። ፍጥነቱን ሰዓቱ ይናገራል። ኃይሉን በምን ይለኩት? ፓወር ፋክተር የመጣው ለዚህ ነው።

ባይኖር ምን እንደሚሆን አስቡት። ደካማ ጥይት የጫነ ሰው ሽጉጡ አይራገጥበትም። እጁ አይነሳም። ሁለተኛውን ጥይት ወዲያው ይደግማል። ጠንካራ ጥይት የጫነው ግን ሽጉጡ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት መለካት ጭነት የተሸከመንና ባዶ እጁን የሚሄድን ሰው ከቦሩ ሜዳ ደሴ ማሽቀዳደም ነው። ስለዚህ ወለል ተቀመጠ። ከ125 በታች ከሆንክ ተኩሰህ ትሄዳለህ እንጂ ነጥብ አይያዝልህም። 125 ከሞላ «ማይነር» ትባላለህ። ከፍ ያለው ደረጃ «ሜጀር» ነው። ሜጀር ለመባል ስታንዳርድ በሚባለው ምድብ 170፣ ኦፕን በሚባለው ምድብ 160 መድረስ ያስፈልጋል። ፕሮዳክሽን በሚባለው ምድብ ግን ሁሉም ማይነር ነው።

የሜጀር ጥቅሙ ነጥቡ ላይ ነው። ዒላማው መሐል ያለው ክፍል ኤ ይባላል፤ ለሁሉም 5 ነጥብ ነው። መሐሉን ስተህ ሲ የሚባለውን ክፍል ስትመታ ልዩነቱ ይመጣል። ሜጀር 4 ያገኛል፣ ማይነር 3። ዲ በሚባለው ዳር ላይ ሜጀር 2፣ ማይነር 1። ከዚያ ጠቅላላ ነጥቡ በሰከንድ ይካፈላል።

በቁጥር እንየው። ሁለት ሰዎች 12 ጥይት ተኮሱ። ሁለቱም 9 ኤ እና 3 ሲ መቱ። ሜጀሩ 57 ነጥብ አለው፣ ማይነሩ 54። ሜጀሩ በ10 ሰከንድ ከጨረሰ 5.7 ያገኛል። ማይነሩ ጥይቱ ስለማይራገጥበት በ9.4 ሰከንድ ቢጨርስስ? 5.74 ሆነ፤ በልጦታል። ስድስት አስረኛ ሰከንድ ሦስት ነጥብ ከፈለች። ይህ ስፖርት ልቤን የገዛው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ዋጋ አለው፣ ግን ነፃ አይደለም። ሁሉንም ኤ ላይ ለሚመታ ሰው ደግሞ ሜጀር መሆኑ ምንም አይጨምርለትም።

አንድ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ትምህርት ቤት የተማርነው ኢነርጂ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ነው የሚሰላው። ፓወር ፋክተር ግን ፍጥነቱን አንዴ ብቻ ነው የሚያባዛው። ለምን? ፓወር ፋክተር የሚለካው ኢነርጂን ሳይሆን ሞመንተምን፣ ማለትም የክብደትና የፍጥነትን ብዜት ስለሆነ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከመለኪያው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በስፖርቱ መጀመሪያ ዓመታት የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ እንደ ዛሬው በየቦታው አልነበረም። ስለዚህ ከባድ ብረት እንደ ዥዋዥዌ ያንጠለጥሉና ይተኩሱበት ነበር። ብረቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ አይተው ይፈርዳሉ። ዘዴው የቆየ ነው። ቤንጃሚን ሮቢንስ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1742 ጽፎታል። አረሩ ብረቱን ሲመታ አብዛኛው ኢነርጂ በሙቀትና በመጨፍለቅ ይባክናል። ሞመንተሙ ግን አይባክንም፤ ወደ ዥዋዥዌው ይተላለፋል። ሽጉጡን ወደ ኋላ የሚያራግጠውም እሱው ነው። ስለዚህ ውድድሩ በትክክል የሚፈልገውን ነገር ለካ፤ ተኳሹ የሚሸከመውን ርግጫ።

የእኛ አገር ሰው የመሣሪያን ኃይል በድምፁ ይገምታል። ሰርግ ላይ «ይሄ ያጓራል» ይባላል። ድምፅ ግን ምንም አይመዝንም። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ አረሩ 25 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይሄዳል። በዚህ ስሌት ስታወጡት ከ550 በላይ ይመጣል። ከማይነር ሽጉጥ አራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምኒልክ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ብለው ክተት ሲያውጁ ውጅግራ ይዞ የመጣው ሁሉ ያንን ርግጫ በትከሻው እየተቀበለ ነው የተኮሰው።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። ሰው «የእኔ ጥይት 130 ነው» ስላለ አይታመንም። ዳኞች ይለካሉ። ውድድሩ መሐል መጥተው ከተኳሹ ጥይት ይወስዳሉ፤ 8 ፍሬ። አንዱን ያፈርሱትና አረሩን ለብቻ በትንሽ ሚዛን ያስቀምጡታል። ቁጥሩ ይጻፋል። ከዚያ ሦስቱን በተኳሹ በራሱ ሽጉጥ ክሮኖግራፍ በሚባለው መለኪያ ላይ ይተኩሷቸዋል። ክሮኖግራፉ ሁለት የብርሃን ዓይን አለው እንበል፤ የመጀመሪያው አረሩ ሲያልፍ ጥላውን ያያል፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀጥሎ ያያል። በሁለቱ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ካለ አረሩ የሚፈጅበት ጊዜ 0.002 ሰከንድ ገደማ ነው። የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል።

ካልደረሰ ሦስት ይጨመራል። ከስድስቱ በፍጥነት የበለጡት ሦስቱ ይያዛሉ። አሁንም ካልደረሰ አንዲት ጥይት ትቀራለች። እዚህ ላይ ምርጫው የተኳሹ ነው። ትመዘንልኝ ሊል ይችላል፤ አረሯ ከመጀመሪያዋ ከከበደች ስሌቱ በእሷ ይሠራል። ወይም ትተኮስልኝ ይላል። ሁለቱንም ማድረግ አይቻልም። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥርም ወደ ላይ አይጠጋም። ሕጉ 124.9999 ቢሆን 125 አይደለም ይላል። ወራት የተለማመደ ሰው በአንድ የገብስ ፍሬ ጎድሎ ሊወድቅ ይችላል። ጨካኝ ይመስላል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ሚዛን አንዴ ለአንዱ ካዘነበለ ለሁሉም ማዘንበሉ አይቀርም።

ለዚህ ነው ብዙ ተወዳዳሪዎች ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉት። ቀለህ ከናስ ስለሚሠራ ደጋግሞ ያገለግላል። ልጆች ሆነን አፉ ላይ እየነፋን የምናፏጭበት ቀለህ እዚያ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ቅርፁ ተስተካክሎ እንደገና ይሞላል። ወጪም ይቀንሳል፤ ዋናው ነገር ግን ቁጥሩን እንደ ፍላጎት ማስተካከል መቻሉ ነው። 125ን በቀላል አረር በፍጥነት ማምጣት ይቻላል፣ በከባድ አረር በዝግታም ይቻላል። 115 ግሬይን በ1,090 ጫማ፣ ወይም 147 ግሬይን በ860 ጫማ፤ ሁለቱም ከ125 ያልፋሉ። እጅ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ከባዱ ትንሽ ባሩድ ስለሚበቃው ርግጫው ለስለስ ይላል፤ ገፋ ያደርጋል እንጂ አይነጥርም። ኦፕን ምድብ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይፈለጋል። አፈሙዙ ላይ ጋዙን ወደ ላይ የሚተፋ ኮምፔንሴተር ስላለ፣ ቀላል አረርና ብዙ ባሩድ ሽጉጡን ወደ ታች ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊያኑ ተኳሾች ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ .38 ሱፐር በሚባለው ጥይት ይህን አሳይተው ብዙውን ተኳሽ አስከተሉ።

ሙቀትም ይገባበታል። ብዙ የባሩድ ዓይነት ሲሞቅ ያፈጥናል፣ ሲበርድ ያዘገያል። ከእኛ አገር ጋር ሳስተያየው፣ ጧት በደሴ ብርድ 125 ላይ ለጥቂት የቆመ ጥይት ሊወድቅ ይችላል። ያው ጥይት ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቢለካ ያልፍ ይሆናል። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። የአፈሙዙ ርዝመትም ፍጥነቱን ይለውጣል። ስለዚህ አስተዋይ ተኳሽ ጫፉ ላይ አይቆምም፤ 128 ወይም 130 ላይ ይሞላና ልቡን ያሳርፋል።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ይህን የጻፍኩት ማንም ቤቱ ጥይት እንዲሞላ አይደለም። የባሩድ መጠን ትንሽ ሲያልፍ ሽጉጡ እጅ ላይ ይፈነዳል፤ ጣትና ዓይን ይሄዳል። የምንኖረውም ሕግ ባለበት አገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝ ያስጠይቃል። ደግሞም ወሎ ውስጥ የተኩስ ድምፅ ለስንቱ ምን እንደሚያስታውስ አውቃለሁ። እናቴ እስካሁን የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ደረቷን ትይዛለች። ዳኛ፣ ሚዛንና ሰዓት ያለበት ተኩስ መኖሩን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም።

ባለፈው ካሉ ስሄድ የአጎቴ ልጅ ማማው ላይ ነበር። ፓወር ፋክተርን በወንጭፍ አስረዳሁት። ወዲያው «እና የኛ ድንጋይ ስንት ነው?» አለኝ። ያቺን ከእንቁላል የምታንሰውን ዓይነት መርጠን ሱቅ ሄድን፤ የሱቁ ሚዛን 85 ግራም አለ። በወንጭፍ በሰከንድ 30 ሜትር ትሄዳለች ብለን አሰላነው። 129 መጣ፤ ማይነር አለፈች። ኢነርጂዋ ግን ማይነር ከሆነችው የሽጉጥ ጥይት አንድ አስረኛ ብቻ ነው። ልጁ ይህንን ሁለተኛውን አልሰማኝም። ድንጋይዋን ኪሱ ከትቶ ወደ ማማው እየሮጠ ነበር።