ዋላን በድምፅ መጥራት፦ መጥሪያና ቀንድ ማጋጨት

ዋላን በድምፅ መጥራት አዳኙ አውሬውን እግር በእግር ከመከተል ይልቅ አድፍጦ ተቀምጦ አውሬው ራሱ እንዲመጣለት የሚያደርግበት የአደን ስልት ነው። ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው የዋላን ድምፅ በባዶ አፍ፣ በቅጠል፣ በቀንድ ወይም በተሠራ መጥሪያ አስመስሎ ማሰማት ነው። ሁለተኛው ሁለት ወንዶች ሲዋጉ የሚሰማውን ድምፅ ለመፍጠር ጥንድ ቀንዶችን እርስ በርስ ማጋጨት ነው። ብዙ አዳኞች ሁለቱን አጣምረው ይጠቀማሉ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «አጋዘን» የሚለው ቃል በተለምዶ ለዚህ አውሬም ይነገራል። ይሁን እንጂ የደጋ አጋዘንና የቆላ አጋዘን የሚባሉት የድኩላ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ቀንዳቸውም እንደ በሬ ቀንድ ዕድሜ ልክ ከራሳቸው አይለይም። ስለዚህ እዚህ ላይ የተመረጠው ከመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም የምናውቀው «ዋላ» ነው። የዋላ ቀንድ ቅርንጫፍ ያለው አጥንት ነው። በየዓመቱ ይወድቃል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ ይበቅላል። ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በብዛት የሚጋጨው ቀንድ በብርዱ ወራት ከወንዱ ራስ ወድቆ ከመሬት የተለቀመ ነውና።

ወንዱ ለምን ይመጣል?

ዘዴው በብዛት የሚሠራበት የሰሜን አሜሪካው ነጭ ጭራ ዋላ ነው። የወንዱ ቀንድ ከጸደይ ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ፀጉራም በሆነ ስስ ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል። የቀኑ ብርሃን እያጠረ ሲሄድ የወንዴነት ሆርሞኑ ከፍ ይላል፣ ቀንዱ ይጠነክራል፣ ወንዱም ቆዳውን በዛፍ ግንድ ላይ እያሸ ይገፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ግጭት ጨዋታ ቀመስ ነው። ሁለት ወንዶች ቀንዳቸውን ቀስ ብለው ገጥመው ይገፋፉና ተላቀው ጎን ለጎን ሣር ይግጣሉ። የስሪያው ወቅት ሲደርስ ግን እውነተኛ ጠብ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ቀንዶቹ ተቆላልፈው መላቀቅ ያቅታቸውና ሁለቱም እዚያው ይሞታሉ።

ሴቷ ወንድ የምትቀበለው ለአንድ ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ሳታረግዝ ከቀረች ከ28 ቀን ገደማ በኋላ እንደገና ወንድ ትፈልጋለች። ለወንዱ ጊዜው እጅግ አጭር ነው። የቀንድ ግጭት ሲሰማ በአቅራቢያው ወንድ የፈለገች ሴት ልትኖር እንደምትችል ይገምታል፤ ወይም የማያውቀው ባላንጣ ወደ አካባቢው መግባቱን ይጠረጥራል። የሚመጣውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ ፀጉሩን አቁሞ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ቅርንጫፍ እየሰበረ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሌባ አድብቶ ነፋሱን እያሸተተ ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ የጎለመሰው ወንድ እንዲህ ያለው ነው።

ድምፆቹ

ነጭ ጭራው ዋላ ዝምተኛ ይመስላል እንጂ አይደለም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት 12 የተለያዩ ድምፆቹን ለይተዋል። ለአዳኝ የሚጠቅሙት ጥቂቶቹ ናቸው። ዋነኛው ከጉሮሮ የሚወጣው አጭርና ወፍራም ጉርምርምታ ነው። ወንዱ ሴት ሲከተል ይህንኑ እየደጋገመ ያሰማል። ሌላው በአፍንጫ ተንፍሶ በረጅም የፉጨት ትንፋሽ የሚጨርሰው የንቀትና የማስፈራራት ድምፅ ነው፤ ጠብ ሊጀመር ሲል ይሰማል። የሴቷ ድምፅ የፍየል ግልገል ጩኸት የሚመስል ስስ ነው። ሦስቱንም ሰው በመጥሪያ ማስመሰል ይችላል። አንድ አራተኛ ድምፅም አለ፦ አደጋ ያየ ዋላ በአፍንጫው የሚለቀው ኃይለኛ ትንፋሽ። አዳኝ ይህን ሲሰማ የቀኑ ሥራ እንዳበቃ ያውቃል።

በጉርምርምታ መጥሪያው ውስጥ በትንፋሽ የምትርገበገብ ስስ ምላስ አለች። የምላሷ ርዝመት ሲለወጥ ድምፁ የወጣት ወይም የሽማግሌ ወንድ ይሆናል። የሴቷን ድምፅ የሚሰጥ፣ ተገልብጦ ሲቃና ራሱ የሚጮህ ትንሽ ቆርቆሮም አለ፤ ትንፋሽ ስለማይፈልግ ጀማሪዎች ይወዱታል። ከዚሁ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የዋላ ጆሮ በጣም ንቁ የሚሆነው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ባለው ድምፅ ላይ ነው። ከሰው እጅግ አይርቅም፤ ሰው ከማይሰማው ከፍ ያለ ድምፅ ግን የተወሰነውን ይሰማል። ዋላ ሰውን የሚበልጠው በተለይ በሁለት ነገር ነው፦ ጆሮውን ወደ ድምፁ ምንጭ አዙሮ ቦታውን በመለየት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአፍንጫው።

ቴክሳስ

ቀንድ ማጋጨት ሲነሳ የደቡብ ቴክሳስ እሾሃማ ቁጥቋጦ ምድር ሳይነሳ አይቀርም። ዘዴው እዚያ ተጀመረ የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ የአህጉሩ ቀደምት ሕዝቦች ዋላን በማስመሰል ሲያድኑ የኖሩ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1591 የታተመ አንድ የመዳብ ቅርጽ የፍሎሪዳ ቲሙኩዋ አዳኞች የዋላ ቆዳ ለብሰው ወደ መንጋ ሲጠጉ ያሳያል። ዘዴው ተፈትኖ በቁጥር የተለካው ግን ያለ ጥርጥር በቴክሳስ ነው።

ለዚህ መሠረቱ የዋላው ማንሰራራት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለገበያ የሚደረግ አደን ነጭ ጭራውን ዋላ በመላ አገሪቱ ወደ 500 ሺህ ገደማ አውርዶት ነበር፤ ከዚያም በታች ነበር የሚሉ አሉ። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳን ከክልል ወደ ክልል መነገድ ከለከለ። በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ላይ የተጣለውን ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መደበ። ዛሬ ቁጥሩ 30 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። አዳኞች ለዚህ የከፈሉት ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

በደቡብ ቴክሳስ መሬቱ በአብዛኛው የግል ሰፋፊ እርሻ ነው። ባለርስቶቹ ወጣት ወንዶች ዕድሜ እስኪጠግቡ ይተዋሉ፣ ሴቶቹም እንዳይበዙ ያድናሉ። ስለዚህ የጎለመሱ ወንዶች ብዙ ናቸው፤ ለሴት የሚደረገው ፉክክርም ብርቱ ነው። በሲንተን ከተማ አቅራቢያ ያለው የዌልደር የዱር እንስሳት ድርጅት በ1954 የተቋቋመ ሲሆን 7,800 ኤከር ያህል መሬት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ሚክ ሄሊክሰን የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዚሁ ቦታ ቀንድ ማጋጨትን ፈተነ።

የፈተናው አሠራር ቀላልና ብልህ ነበር። አንድ ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ቀንድ ያጋጫል፤ ሌላው ማማ ላይ ሆኖ የሚመጡትን ይቆጥራል። እያንዳንዱ ሙከራ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አጭሩ ዓይነት 1 ደቂቃ ማጋጨት፣ 9 ደቂቃ ዝምታ፣ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ነው። ረጅሙ 3 ደቂቃ ማጋጨት፣ 7 ደቂቃ ዝምታ ነው። ሁለቱም በኃይልና በቀስታ ተሞከሩ። በጠቅላላው 171 ሙከራ ተደርጎ 111 ወንዶች መጡ። ከስሪያው ጫፍ በፊት በ60 ሙከራ 18፣ በጫፉ ላይ በ60 ሙከራ 65፣ ከጫፉ በኋላ በ51 ሙከራ 28። በኃይል የተጋጨው በቀስታ ከተጋጨው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ወንድ ሲጠራ፣ የግጭቱ ማጠርና መርዘም ግን የረባ ልዩነት አላመጣም። ይህ ውጤት «አውሬው እንዳይደነግጥ በቀስታ» የሚለውን የቆየ ምክር ክፉኛ ያናጋ ነው።

ከቁጥሮቹ ይበልጥ የሚገርመው ማማው ያጋለጠው ነገር ነው። ታች ተደብቆ ቀንድ የሚያጋጨው ሰው ከመጡት ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡትን ሳያያቸው ቀርቷል። አብዛኞቹ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ዞረው፣ ጠረን ሊያነሱ እየሞከሩ ነበር የታዩት። «ዛሬ አልመጣልኝም» ብሎ የሚነሳ አዳኝ ምናልባት ከጀርባው ሁለት ወንድ ትቶ ነው የሚሄደው። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አንዱ ያጋጫል፤ ጠመንጃ ወይም ቀስት የያዘው ደግሞ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ራቅ ብሎ ያደፍጣል።

ቁጥሩ የዌልደር መሬት ቁጥር መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ሴቶቹ እጅግ በዝተው ወንዶቹ ገና በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው በሚታደኑበት አካባቢ ወንዱ ለሴት መታገል አያስፈልገውም፤ ቀንድ ቀኑን ሙሉ ቢያጋጩ የሚመጣ ላይኖር ይችላል። ጊዜውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሰሜኑ ክልሎች የስሪያው ጫፍ ኅዳር መባቻ ግድም ሲሆን በደቡብ ቴክሳስ ታኅሣሥ ውስጥ ይገባል።

አውሮፓ

የአውሮፓ ቀይ ዋላ ቀንድ ማጋጨት አያሻውም፤ ራሱ ይጮሃል። በመስከረም ወር ወንዱ ሌሊትና ንጋት ላይ እንደ ኮርማ ያጓራል። ቲም ክላተን ብሮክና ስቲቭ አልቦን በስኮትላንድ ራም ደሴት ባደረጉትና በ1979 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ወንዶቹ በማጓራት ፍጥነት የአንዳቸውን ጉልበት ሌላው ይለካል፤ ብዙ ጠብ ሳይጀመር የሚበርደውም በዚህ ነው። የመካከለኛው አውሮፓ አዳኞች ይህን ድምፅ በበሬ ቀንድ፣ በትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል፣ በፋኖስ ብርጭቆ ወይም ባዶ በሆነ የተክል አገዳ ያወጣሉ። ጀርመኖች በዶርትሙንድ የአደን ትርዒት ላይ የጥሪ ሻምፒዮና አላቸው። ተወዳዳሪው ሴት የሚፈልግ ሽማግሌ ወንድን፣ መንጋውን የሚጠብቅ አለቃን፣ የሁለት እኩዮችን የድምፅ ፍልሚያ ማሰማት አለበት። ዕቃ ጫኝ መኪና የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ያላቸው ሰዎች ይመጣሉ።

ሮ የሚባለው ትንሹ ዋላ ግን የስሪያ ወቅቱ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ነው። ጽንሱ እስከ ብርዱ ወቅት አጋማሽ ሳያድግ ይቆይና ግልገሏ በግንቦት ግድም ትወለዳለች፤ ይህን ምስጢር ቢሾፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1854 ገልጾታል። አዳኙ የሴቷን ስስ ፉጨት በሁለት አውራ ጣቱ መካከል በወጠረው ቅጠል ያሰማል። በጀርመንኛ የወቅቱ ስም ራሱ «የቅጠል ጊዜ» ማለት ነው።

እስያና የሰሜን ደኖች

የቻይና የቺንግ ነገሥታት የመፀው አደን ሜዳ የነበረው ሙላን ስሙን ያገኘው ከማንቹ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙ ዋላ መጥራት ነው። ሜዳው በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን በ1681 ተከለለ። አዳኞቹ የዋላ ራስ አጥልቀው የእንጨት ጥሩምባ ይነፉ ነበር። በደቡብ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የቱቫ አዳኞች መጥሪያ አሚርጋ ይባላል፤ ድምፁ የሚወጣው አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ነው። ጃፓኖችም የቆዳ ሽፋን ያለው የዋላ ዋሽንት አላቸው። በካናዳ የበርች ቅርፊት ጠቅልለው ሙስ የተባለውን ግዙፉን ዋላ ይጠሩበታል፤ ደረቅ የትከሻ አጥንት ዛፍ ላይ መፋቅም የሙስ ቀንድ ድምፅ ይሰጣል።

ክርክሮችና ሕግ

እውነተኛ ቀንድ ከፕላስቲክ ይሻላል ወይ የሚለው ክርክር አያልቅም። ትኩስ ቀንድ ጥሩ ድምፅ እንዳለው፣ ፀሐይ ላይ የከረመው ግን ደርቆ እንደሚሳሳ ብዙዎች ይስማማሉ። የእንጨት ዘንጎች የያዘው ከረጢት በእጅ ታሽቶ የሚያወጣው ድምፅ ለአንዳንድ ጆሮ የማይረባ ነው፤ ዋላው ግን የሚመጣ ይመስላል። ቅጂ ድምፅ የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክ መጥሪያ በአንዳንድ የአሜሪካ ክልሎች ለዋላ አደን ክልክል ሲሆን በሌሎች ይፈቀዳል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ጥሪ ከእጅና ከትንፋሽ ካልወጣ ጥበብነቱ ምኑ ላይ ነው?

ቀንድ የሚያዘጋጅ ሰው የጣት ማረፊያ ለማግኘት የግንባሩን ሹል ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ የቀሩትንም ጫፎች ያደነዝዛል፤ በጨለማ ሲጋጩ እጅ ይወጋሉና። የበለጠው አደጋ ግን ሌላ አዳኝ ነው። የጠብ ድምፁ እሱንም ይጠራዋል። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ቀንድ ሲያይ ጠመንጃውን ሊያነሳ ይችላል። ብዙ ክልሎች በጠመንጃ ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ያስገድዳሉ። በሕዝብ መሬት ላይ የሚያድኑ ደግሞ ጀርባቸውን ለወፍራም ግንድ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ቀንዳቸውንም ከቦታ ቦታ ሲሄዱ በብርቱካናማ ጨርቅ ጠቅልለው ይይዛሉ።