ድንኳን ከውሃ 60 ሜትር የሚርቀው ለምንድን ነው?

ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስተው ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ለእግር ጉዞና ለድንኳን አዳር መሄድ የሚያስቡ ወጣቶችን አንድ መመሪያ ግራ ሲያጋባቸው አያለሁ፤ ከምንጭ ወይም ከወንዝ 60 ሜትር ያህል ርቃችሁ እደሩ የሚለው። በብዙ አገር የዱር ተጓዦች ይከተሉታል። በአዋቂ እርምጃ 80 ገደማ ነው።

ውሃ እያለ ርቆ ማደር ልፋት ይመስላል። ነገር ግን ደን ውስጥ ሽንት ቤትም ቧንቧም የለም፤ እኛ የምናጥብበት ምንጭ ታች ላለው ገበሬና ለከብቱ መጠጫ ነው። ስለዚህ ውሃውን ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ ታጠቡ፣ እጣቢውን አፈር ላይ ድፉት። አፈሩ ያጣራዋል። «ተፈጥሯዊ» የተባለ ሳሙናም ቢሆን ወንዝ ውስጥ መግባት የለበትም። ለመጸዳጃም እንዲሁ ራቁ፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ በአፈር ድፈኑት። ላስቲክ ግን አይቀበርም፣ ይዛችሁት ትመለሳላችሁ።

ድኩላ የመሰለ ዓይናፋር እንስሳም ሰው ካደረበት ውሃ ይሸሻል፤ ጠምቶት ያድራል። ለራሳችሁም ይጠቅማል፦ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ሳይታሰብ ይደርሳል። በተለይ የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ አይርሳ።

እሳትን በተመለከተ፣ አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ በበጋ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይሻላል። ፈቃድና አስጎብኚ ጠባቂ ስለመያዝ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።