ዋሽንግተን የተባለ ሁሉ ዘመድ ነው?

የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም እኛን ግራ ያጋባል። የእኛ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ የእነሱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ታዲያ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁሉ አንድ ዘር ናቸው ማለት ነው? አይደለም። «ዋሽንግተን» ጥሩ ማሳያ ነው።

ስሙ መጀመሪያ የቦታ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም አካባቢ፣ ዋሽንግተን የሚባል ቦታ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ደ ኸርትበርን የተባለ ባላባት ርስቱን ለውጦ እዚያ ገባ፤ መጠሪያውንም በአዲሱ ርስት ቀየረ። ዘሮቹ በኋላ ወደ ደቡብ ወርደው በኖርዛምፕተንሻየር ሰልግሬቭ ሰፈሩ። በ1650ዎቹ ደግሞ ጆን ዋሽንግተን ከትንባሆ ነጋዴዎች ጋር በመርከብ ቨርጂኒያ ደረሰ። መርከቡ ችግር ገጠመው፤ እሱም እዚያው ቀረ፣ አገባ፣ መሬት ያዘ። የፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያት እሱ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ፣ ዋሽንግተን ከሚባሉት 90 በመቶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከባርነት ነፃ የወጡ ብዙ ሰዎች መጠሪያቸውን ራሳቸው መርጠዋል። በባርነት የተወለደው ታዋቂው መምህር ቡከር ዋሽንግተን፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ «ቡከር» ብቻ ነበር። የሌሎቹ ልጆች ስም ሁለት ሁለት መሆኑን ሲሰማ፣ ተራው ሲደርስ «ቡከር ዋሽንግተን» ብሎ አስመዘገበ። የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስምም ዋሽንግተን ነበር።