ድሬና ሐረር ላይ ርካሽ አልጋ፦ የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ሳይወድ የአልጋ ደላላ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ «ሁለት ሌሊት የሚያሳድረኝ ርካሽ ነገር ፈልግልኝ» ብሎ ይደውላል፤ ከጥያቄው ጋር ደግሞ ከሰው የሰማውን ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። ደጋግሜ ያረምኳቸውን እነሆ።

«ድሬ ያለ ኤሲ አይታደርም»

በግንቦትና በሰኔ ለሚመጣ ሰው ነገሩ እውነትነት አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ለኤሲ የሚጨመረው ብር ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ቬንትሌተር ይበቃል። በሙቀቱ ወራትም ቢሆን መጀመሪያ ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ፤ መብራት ከጠፋ ኤሲው የግድግዳ ጌጥ ነው። ከዚያ ክፍሉን ራሱን እዩት። ቆርቆሮ ሥር ያለውን የላይኛውን ፎቅ ተዉት፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት እላያችሁ ላይ ይተፋዋል። በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዳፋችሁ ንኩት። ከመሸም በኋላ እንደ ምጣድ የሚፋጅ ከሆነ «ሌላ አሳየኝ» በሉ። መስኮቱ ወደ ግቢ ዛፍ የሚከፈት ምድር ቤት ከተገኘ፣ በግማሽ ዋጋ ከኤሲው የተሻለ እንቅልፍ አለው።

«ሻወር አለው ከተባለ ውሃ አለ ማለት ነው»

በዚህኛው እኔም ተታልያለሁ። ሐረር ላይ ከእህቴ ጋር አንድ ፔንሲዮን ገባን። ልጁ «አቦ፣ ውሃ ሞልቷል!» አለን፤ ከፈልን። ቧንቧውን ስከፍተው ትንሽ አፏጨና ዝም አለ። ውሃው እውነትም ሞልቷል፤ በሩ ጀርባ ባለው በርሜል ውስጥ፣ ከነጣሳው።

ልጁ አልዋሸም። ሐረር ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ከተማዋ ክፉኛ ተጠማች፤ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣላት ጀመር። ስለዚህ ውሃ በተራ መምጣቱ የቤቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ አለመኖሩ ግን ጥፋቱ ነው። ሳትከፍሉ ቧንቧውን በእጃችሁ ክፈቱት። ሮቶ ከሌለ ደግሞ ለግል ሻወር ጭማሪ አትክፈሉ፤ ውሃ በሌለበት ቀን የግሉም የጋራውም ያው ባልዲ ነው።

«ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ናቸው፣ ድሬ አድሬ ሐረርን አያለሁ»

በመካከላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ እንኳ ይለወጣል። ቀን ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ግን ጅብ ሲበላ ለማየት ከሆነ የምትሄዱት፣ ጅቦቹ ከጀጎል ግንብ ውጪ የሚመገቡት ከመሸ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት መመለሻ ፍለጋ መንከራተት፣ ካልተገኘም ኮንትራት መያዝ ይመጣል፤ የኮንትራቱ ዋጋ ደግሞ የአንድ ሌሊት አልጋ ይበልጣል። ሐረር እደሩ፤ ሹራብም ያዙ።

«ለገሃር አካባቢ ከያዝኩ ለባቡሩ ይቀርበኛል»

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ለገሃር የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ከየትም ብትነሱ ባጃጅ ያስፈልጋችኋል። መናኸሪያ አጠገብ ማደርም የሚያዋጣው ንጋት ላይ በአውቶቡስ ለሚነሳ ብቻ ነው፤ ለሌላው የረዳት ጩኸት በነፃ ነው።

«ደውዬ አስይዣለሁ»

ቀብድ ካልላካችሁ አላስያዛችሁም። በተለይ ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ሁለቱም ከተሞች ይጨናነቃሉ፤ ዋጋውም በአንድ ሌሊት ሌላ ይሆናል። ለንግሡ ካልሆነ የምትመጡት ጉዞውን በአንድ ሳምንት ግፉት። በአዘቦት ቀን ግን፣ ሁለት ሌሊት እንደምታድሩ ከተናገራችሁ የተለጠፈውም ዋጋ ይቀንሳል።

«ጀጎል ውስጥ ማደር ለፈረንጅ ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል፤ የገዛ አገራችንን ለእንግዳ ትተን ግንቡን ከውጪ ፎቶ አንስተን እንመለሳለን። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ የሐረሪ ቤተሰቦች አሉ፤ ዋጋቸውም ግንቡ ውጪ ካለ ደህና ሆቴል ብዙም አይርቅ፣ አንዳንዴም ያንሳል። ደጃፍ ላይ ጫማ ይወልቃል። የምትቀመጡት ነደባ ላይ ነው፣ ምንጣፍ በለበሰው ከፍ ዝቅ ያለ መደብ፤ ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ ተደርድሯል። መታጠቢያው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ሰው ቤት ስለሆነ አምሽቶ ሞቅ ብሎት ለሚገባ አይመችም። ባጃጅ ጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ በእግር ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ ከያዛችሁ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ እንግዳ መምጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ልጆቹም ሳትጠይቋቸው ቤቱን ያሳዩዋችኋል።