«16 ቀን» ስንት ቀን ነው? የዓመት ፈቃድ አቆጣጠር

ባለፈው እሁድ ደሴ፣ ጎረቤቶቼ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው የግድግዳውን ካላንደር በጣቷ ቆጠረችና «16 ቀኔ አለቀ፣ ነገ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሥራ ልገባ ነው» አለች። ቅዳሜ ነው የጀመረችው። ሦስቱንም እሁድ ቆጥራቸዋለች!

አብሽሪ አልኳት፣ እንደዚያ አይቆጠርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው 16 «የሥራ ቀን» ነው። የሳምንት ዕረፍት አይገባበትም። በመሃል አረፋ ወይም ጥምቀት ቢውልም እንደዚያው። ስለዚህ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ገና የእሷ ናቸው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል፤ አምስት ዓመት ላገለገለ 18 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን «አትውጪ፣ ብሩን ልስጥሽ» ሲባል ነው። ሥራ ላይ እያሉ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። መብቴን ትቻለሁ ብለው ቢፈርሙም ፊርማው ዋጋ የለውም። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። ይህን ክልከላ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ አጎንብሳ ነው የምትሰፋው፤ ወገቧ የሚፈልገው ዕረፍቱን ነው።

መምህር እህቷ «የእኔ ለምን ይለያል?» አለች። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ስለሆነ ነው። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

እናትየው ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እስከ ረቡዕ አለሽልኝ» ብለው ቶናውን ቀዱ።