«ጭሱ አልቋል» ሲባል ያለቀው ምንድን ነው?

ደሴ ማታ ይበርዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ቡናው በረካ ደርሶ ስኒው ሲታጠብ የከሰል ምድጃው እዚያው ይቀራል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ይባልና በሩ ይዘጋል።

የምታሳስተን ይህቺ አባባል ናት። ያለቀው በዓይን የሚታየው ጭስ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን መልክም ሽታም የለውም። ፍሙ አመድ ለብሶ ረጋ ሲልም መውጣቱን አያቆምም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝበትን ቦታ ይነጥቃል፤ አያያዙ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይጠነክራል። ሰው አየር እየሳበ ይታፈናል ማለት ነው።

እናቴን ምድጃውን እናውጣው ስላት «ስንት ዘመን አብረነው አድረን ምን ሆንን?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ምንም አልሆነችም። ግን ያኔ የነበረው የጭቃ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። ዛሬ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፣ ጣራው ኮርኒስ አለው፣ የበሩ ስር በጨርቅ ተወትፏል። ልማዱ ያው ነው፤ ቤቱ ግን ሌላ ሆኗል። ብዙዎቻችን ይህን አናስተውልም።

ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጡት። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ጉልበት መክዳት ከመጣ «ብርድ ነው» አትበሉ። በሩን ክፈቱ፣ ሁሉንም ሰው አውጡ፤ የተኛውን ተሸክማችሁም ቢሆን። ከዚያ ወተትና ሎሚ ስትፈልጉ ጊዜ ሳታጠፉ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።